የአንጎል ምርመራና የዕውቀት ኅብረት



«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ የማያውቅ የለም። ይህ ቃል ስለ ሰዎች ኅብረት ብቻ ሳይሆን፣ በቅላችን ውስጥ ስላለው ስለ አንጎላችን ጭምር እውነት መሆኑን ዛሬ በአጭሩ እንገልጻለን።

የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት። አንዱ ሕዋስ ለብቻው አያስብም፤ አያስታውስምም። አሳብና ትዝታ የሚገኙት ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው ከሚለዋወጡት መልእክት ነው። ክፍሎቹን ለየብቻ በመመርመር የጠቅላላውን ጠባይ ለማወቅ የማይቻልበትን እንዲህ ያለውን ነገር ሊቃውንት «ውስብስብ ሥርዓት» ይሉታል።

ለምሳሌ የሚጥል በሽታን እንመልከት። በገበያ ሰው ሁሉ የየራሱን ጉዳይ ሲነጋገር ገበያው ይካሄዳል፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ አንድ ቃል ቢጮኽ ግን መግዛትም መሸጥም ይቆማል። በሽታው ሲነሣም ብዙ ሕዋሳት ከልክ ባለፈ ሁኔታ ባንድነት የኤሌክትሪክ ምልክት ይልካሉ፤ በሽተኛውም ብዙ ጊዜ ራሱን ስቶ ይወድቃል። አንዱን ሕዋስ ብቻ የመረመረ ሐኪም ይህን ሁከት ሊያየው አይችልም።

ስለዚህ የአንጎል ምርመራ የአንድ ሙያ ሥራ ሊሆን አልቻለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. እንግሊዛውያኑ አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሀክስሊ፣ ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ መርምረው፣ የነርቭ መልእክት እንዴት እንደሚተላለፍ በሒሳብ ቀመር ገለጹ። ሀክስሊ ፊዚክስና ሒሳብም ተምሮ ስለ ነበር፣ ረጅሙን ስሌት በእጅ በሚዞር የሒሳብ መኪና ሠራው። በዚሁ አቆጣጠር በ1986 የአንዲት ትንሽ ትል 302 የነርቭ ሕዋሳት ከነግንኙነታቸው በካርታ ተገለጹ። በ1998 ዋትስና ስትሮጋትዝ የተባሉ የሒሳብ ሰዎች ይህንኑ ግንኙነት መርምረው፣ ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው በአማካይ በጥቂት እርምጃ እንደሚደረስ አሳዩ። በ2024 ደግሞ የነርቭ ሊቃውንትና የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ተባብረው፣ 139,000 ያህል ሕዋሳት ያሉትን የአንዲት ዝንብ አንጎል ካርታ አወጡ።

ታዲያ ተማሪው እንዴት ይዘጋጅ? የሒሳብ ተማሪ ወደ ላቦራቶሪ ገብቶ ሕዋሱን በዐይኑ ሊያይ፣ የሕክምና ተማሪም ቀመር ማንበብን ሊለምድ ይገባል። ይህ ማለት ሁሉን ጥቂት ጥቂት ቀምሶ አንዱንም አለማወቅ አይደለም፤ አንዱን ሙያ ጠንቅቆ ይዞ የጎረቤቱን ቋንቋ መማር ነው እንጂ።

በአገራችን ብዙዎች የሚጥል በሽታን የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው በማለት የወደቀውን ሰው ለመንካት እንኳ ይፈራሉ። በሽታው ግን በመንካት አይተላለፍም፤ በሚገባ ቢታከሙ ከ100 በሽተኞች እስከ 70 የሚሆኑት ሳይጥላቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ በሽተኛ ያለበት ቤተሰብ ወደ ሐኪም ይውሰደው። ለቀሩት 30 የሚሆን መፍትሔ ገና በመፈለግ ላይ ነው፤ ፍለጋውም ሐኪምንና የሒሳብ ሊቅን አንድ ላይ የሚጠይቅ ነው። ወጣት አንባብያን ሆይ፣ ድሩን ከሚያስተባብሩት እጆች አንዱ የእናንተ እንዲሆን ትጉ።