የማመሳከሪያ ጽሑፍን ስለ መከለስና ስለ ማሻሻል፤ ለሶፍትዌር አዘጋጆች ከተቋቋመ አንድ ድረ ገጽ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ታትሞ ለተማሪዎች ከታደለ በኋላ ሥራው እንደ ተፈጸመ መቁጠር በትምህርት ሠራተኞች ዘንድ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ማናቸውም የማመሳከሪያ ጽሑፍ ከወጣበት ዕለት ጀምሮ ማርጀት ይጀምራል። እርጅናውም ከውጭ አይታይም። ወረቀቱ ንጹሕ፣ ፊደሉም የሚነበብ ሆኖ ሳለ በውስጡ የሰፈረው ዕውቀት ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ይችላል። አንባቢው፣ በተለይም ጀማሪው ተማሪ፣ ይህን የሚለይበት መንገድ ስለሌለው ያገኘውን ሁሉ እንዳለ ይቀበላል።

ይህ ችግር እጅግ ጎልቶ ከሚታይባቸው ሙያዎች አንዱ የኮምፒዩተር ሶፍትዌር ዝግጅት ነው። በዚህ ሙያ የተሠማሩ ሰዎች በየዕለቱ የሚያመሳክሩባቸው ድረ ገጾች አሉ። ከእነዚህም መካከል በስፋት የሚታወቀው በሞዚላ ድርጅት ሥር የሚገኘው ኤም.ዲ.ኤን. የተባለው ድረ ገጽ ነው። በዚህ ጽሑፍ ድረ ገጹ እንዴት እንደ ተመሠረተ፣ ምን ዓይነት ችግር እንደ ገጠመውና በምን ዘዴ እንደ ተሻሻለ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓላማችን ታሪኩን መተረክ ብቻ ሳይሆን፣ የትምህርት መሣሪያዎችን የሚያዘጋጁና የሚያቅዱ ክፍሎች ከዚህ ልምድ ምን ሊቀስሙ እንደሚችሉ ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

1. የድረ ገጹ አመሠራረትና ይዘት

ድረ ገጽ ለመሥራት በመሠረቱ ሦስት ቋንቋዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ኤች.ቲ.ኤም.ኤል. ሲሆን፣ ርዕሱን፣ አንቀጹን፣ ሠንጠረዡንና የመሳሰለውን እየለየ የገጹን መዋቅር ይገልጻል። ሁለተኛው ሲ.ኤስ.ኤስ. ሲሆን፣ የገጹን መልክ፣ ማለትም ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠንና አቀማመጡን ይወስናል። ሦስተኛው ጃቫስክሪፕት ሲሆን፣ ገጹ ተጠቃሚው ለሚያደርገው ነገር ምላሽ እንዲሰጥ ያደርጋል። ኤም.ዲ.ኤን. የእነዚህን ቋንቋዎች እያንዳንዱን ቃልና ትእዛዝ ከነምሳሌው የሚያብራራ ማመሳከሪያ ነው።

ቀደም ሲል ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ ዴቭኤጅ የሚል ስም ያለው የአዘጋጆች ድረ ገጽ ነበረው። ይህም ድረ ገጽ በ2004 ተዘጋ። ሞዚላ ጽሑፎቹን ለመጠቀም ከባለመብቱ ከኤ.ኦ.ኤል. ፈቃድ አግኝቶ በ2005 አዲሱን ማመሳከሪያ ከፈተ። እንግዲህ የኤም.ዲ.ኤን. ጅማሬ ራሱ የቆየ ጽሑፍን ከመጥፋት አድኖ የማደስ ተግባር እንደ ነበረ እንገነዘባለን። ጽሑፉም ማንም ሰው ምንጩን ጠቅሶ እንዲያባዛውና እንዲያሻሽለው፣ ያሻሻለውንም በዚያው ፈቃድ ለሌላው እንዲያስተላልፍ ተፈቅዶ የወጣ ነው። ይህ ለመምህራን ትልቅ ትርጉም ያለው ነጥብ ስለ ሆነ በኋላ እንመለስበታለን።

2. የዊኪ አሠራር ጥቅምና ጉድለት

ድረ ገጹ ለአሥራ አምስት ዓመታት ያህል ይሠራ የነበረው ዊኪ በሚባለው ዘዴ ነበር። በዚህ ዘዴ የተመዘገበ ማንኛውም ሰው አንድን ገጽ ከፍቶ ማረም ይችላል፤ ያረመውም ወዲያውኑ ለዓለም አንባቢ ሁሉ ይታያል። የዘዴው ጥቅም ግልጽ ነው። ብዙ ሰው ስለሚሳተፍ ሥራው ይፋጠናል፤ ስሕተት ያየ ሰውም ደብዳቤ ጽፎ መልስ ሳይጠብቅ ራሱ ያስተካክለዋል። ገጾቹ በሺህ የሚቆጠሩ ሊሆኑ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ጉድለቱ ግን ከጥቅሙ ጋር አብሮ የተወለደ ነበር። እርማቱ የሚመረመረው ከወጣ በኋላ በመሆኑ፣ ትክክል ያልሆነ ነገር መርማሪ እስኪደርስበት ድረስ ይነበባል። ለአዲስ ገጽ የሚነሣው ብዙ ሲሆን፣ የቆየውን ለመጠበቅ የሚነሣው ጥቂት ነው። በዚህም የተነሣ ጽሑፉ እየሰፋ ሲሄድ ያልታየው ክፍል እየበዛ ይሄዳል። የአንድ ማመሳከሪያ ስፋት ለጠባቂዎቹ ሸክም ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

3. የተወሰዱት የማሻሻያ እርምጃዎች

ሀ/ ድግግሞሽን ማስቀረት። ቀደም ሲል ትልልቆቹ ኩባንያዎች ስለ ተመሳሳይ ቋንቋዎች የየራሳቸውን ማመሳከሪያ ያዘጋጁ ነበር። በ2017 ማይክሮሶፍት፣ ጉግል፣ ሳምሰንግና የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ጥምረት ኤም.ዲ.ኤንን በጋራ ለመደገፍ ከሞዚላ ጋር ተስማሙ። ማይክሮሶፍትም ከ7,700 የሚበልጡ የራሱን ገጾች የሚፈልግ አንባቢ ወደ ኤም.ዲ.ኤን. እንዲመራ አደረገ። በአምስት ቦታ በግማሽ ከሚጠበቅ ጽሑፍ ይልቅ፣ በአንድ ቦታ በሙሉ የሚጠበቅ ጽሑፍ እንደሚሻል ታመነበት ማለት ነው።

ለ/ ፈጥኖ የሚለዋወጠውን ከማይለዋወጠው መለየት። የአንድ ትእዛዝ ትርጉም ለዓመታት ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል። ትእዛዙን የትኛው ድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም፣ ማለትም ብራውዘር፣ ከስንተኛው እትም ጀምሮ እንደሚቀበለው የሚገልጸው ሠንጠረዥ ግን በየጥቂት ሳምንቱ ይለወጣል። ቀድሞ ሠንጠረዡ በየገጹ በእጅ ይጻፍ ስለ ነበር፣ በአንዱ ገጽ ሲታረም በሌላው ገጽ፣ በተለይም በተተረጎመው ገጽ፣ የቀድሞው ሳይታረም ይቀር ነበር። በኋላ ይህ መረጃ ከማብራሪያው ተለይቶ በአንድ የጋራ መዝገብ እንዲቀመጥና ገጾቹ ሁሉ ከዚያ እንዲቀዱ ተደረገ። አንድ ጊዜ የታረመው በየቋንቋው ያለውን ገጽ ሁሉ ያርማል።

ሐ/ ከመውጣቱ በፊት መመርመር። በ2020 መጨረሻ ድረ ገጹ ከዊኪ አሠራር ወጥቶ ጽሑፉ ሁሉ ጊትሀብ በተባለው የጋራ የሥራ ማከማቻ ላይ ተቀመጠ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለማረም የሚፈልግ ሰው የእርማቱን ሐሳብ ያቀርባል፤ ኃላፊነት ያለው ሰው መርምሮ ሲቀበለው ብቻ ለአንባቢ ይወጣል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠና ስለ ምን እንደ ለወጠ በመዝገብ ይቀራል። በ2021 ደግሞ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ማርክዳውን ወደሚባለው ቀለል ያለ የአጻጻፍ ሥርዓት እንዲለወጥ በመደረጉ፣ አራሚው በጽሑፉ ሐሳብ ላይ እንጂ በምልክቶቹ ብዛት ላይ እንዳይደክም ረዳው።

መ/ ያረጀውን ምልክት ማድረግ። ለምሳሌ ጽሑፍን ወደ መካከል ለማምጣት ያገለግል የነበረው "ሴንተር" የተባለው ትእዛዝና የፊደልን ቀለምና መጠን ይወስን የነበረው "ፎንት" የተባለው ትእዛዝ በ1997 በወጣው አራተኛው የኤች.ቲ.ኤም.ኤል. ደረጃ እንዲቀሩ ተመክሯል። ተግባራቸውም ለሲ.ኤስ.ኤስ. ተላልፏል። ሆኖም ቀደም ሲል የተሠሩ ገጾችን የሚያነብ ሰው የትእዛዞቹን ትርጉም ማወቅ ስለሚያስፈልገው፣ ማብራሪያቸው አልተሰረዘም። በገጹ መጀመሪያ ላይ ጊዜው እንዳለፈበት የሚያስጠነቅቅ ምልክት ተደርጎ፣ በምትኩ ምን መጠቀም እንደሚገባ ተመልክቷል። ይህ ያለፈውን ሳያጠፉ ከአሁኑ የመለየት ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሠ/ የቀድሞውን አድራሻ መጠበቅ። አንድ ገጽ ስሙ ሲለወጥ ወይም ከሌላ ጋር ሲቀላቀል፣ በቀድሞው አድራሻ የሚመጣው አንባቢ በቀጥታ ወደ አዲሱ እንዲመራ ይደረጋል። በመጽሐፍና በደብተር ላይ የተጻፈ አድራሻ ባዶ ቤት እንዳያደርስ መጠንቀቅ አንዱ የማሻሻያ ክፍል ነው።

4. የትርጉም ገጾች ጉዳይ

ለእኛ አገር አንባቢ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ይህ ነው። በዊኪው ዘመን ገጾቹ ወደ በርካታ ቋንቋዎች ይተረጎሙ ነበር። ነገር ግን የእንግሊዝኛው ሲታረም ትርጉሙ አብሮ አይታረምም ነበር። በፈቃደኝነት የተረጎመው ሰው ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ ገጹ ያለ ባለቤት ይቀራል። አዲሱ አሠራር ሲጀመር የትርጉም ገጾች እርማት ለጊዜው ቆመ። በ2021 ሥራው እንደገና ሲከፈት፣ ቋሚ ጠባቂ ቡድን የተገኘላቸው ቋንቋዎች ብቻ እንዲቀጥሉ ተወሰነ። ከእነዚህም መካከል ፈረንሳይኛ፣ ጃፓንኛ፣ ቻይንኛ፣ ኮሪያኛና ሩሲያኛ ይገኛሉ። ጠባቂ ያላገኙት ቋንቋዎች ገጾች ከድረ ገጹ ተነሡ።

ይህ ውሳኔ በመጀመሪያ ሲታይ ጨካኝ ይመስላል፤ በገዛ ቋንቋው የሚያነበውን ያጣ ሰው መኖሩ አይካድምና። ነገር ግን በሌላው በኩል ሲታይ፣ ባረጀ ትርጉም የሚመራው ተማሪ የሚደርስበት ጉዳት ድርብ ነው። አንደኛ የተሳሳተ ነገር ይማራል። ሁለተኛም በገዛ ቋንቋው የተጻፈ ዕውቀት የማይታመን ነው ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል። አማርኛ ድረ ገጹ ከሚያቀርብባቸው ቋንቋዎች መካከል የለም። ወደፊት ይህን ወይም ተመሳሳዩን ማመሳከሪያ ወደ አገራችን ቋንቋዎች ለመመለስ የሚታሰብ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ማን ይተረጉመዋል የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ማን ይከልሰዋል የሚለው ጭምር ነው።

5. የሰው ኃይልና የገንዘብ ጉዳይ

ከላይ የተዘረዘሩት ዘዴዎች ያለ ሰው አይሠሩም። በኦገስት 2020 ሞዚላ 250 የሚሆኑ ሠራተኞቹን እንደሚያሰናብት ባስታወቀ ጊዜ፣ ከተነኩት ክፍሎች አንዱ የማመሳከሪያው ጸሐፊዎች ክፍል ነበር። በ2021 መጀመሪያ ጉግልና ማይክሮሶፍትን ጨምሮ በልዩ ልዩ ድርጅቶች መዋጮ የሚተዳደር ኦፕን ዌብ ዶክስ የተባለ ድርጅት ተቋቋመ፤ ጸሐፊዎችን ቀጥሮ የኤም.ዲ.ኤንን ይዘት ማዘጋጀት ከዋና ተግባሮቹ አንዱ ሆነ። በአንጻሩ በ2012 በታላላቅ ኩባንያዎች ትብብር የተከፈተው ዌብ ፕላትፎርም ዶክስ የተባለ ተመሳሳይ ድረ ገጽ በ2015 ሥራውን አቁሟል። የመሥራቾች ብዛትና ዝና ብቻውን አንድን ማመሳከሪያ እንደማያኖረው ከዚህ መረዳት ይቻላል። የሚያኖረው በየዕለቱ የሚጠብቀው ሰው መኖሩና የዚህም ሰው ደመወዝ በዕቅድ መያዙ ነው።

6. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠው ትምህርት

በትምህርት ቤቶች የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት የሚሰጥ መምህር ከዚህ በላይ የተገለጸውን በቀጥታ ሊሠራበት ይችላል። ማስታወሻውን በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ከማመሳከሪያው ጋር ቢያስተያይና ጊዜው ያለፈበትን ትእዛዝ ለይቶ ምልክት ቢያደርግበት፣ ተማሪዎቹን ከብዙ ድካም ያድናቸዋል። የኢንተርኔት አገልግሎት በማይገኝበት ወይም በሚቆራረጥበት ትምህርት ቤትም ቢሆን፣ ጽሑፉ እንዲባዛ የተፈቀደ በመሆኑ ተፈላጊዎቹን ገጾች አገልግሎቱ ካለበት ቦታ ቀድቶ ማምጣት ሕጋዊ ነው። ምንጩንና የተቀዳበትን ቀን ከገጹ ግርጌ ማስፈር ግን ሊዘነጋ አይገባም። ቀን የሌለው ቅጂ መቼ እንዳረጀ አይታወቅም።

ለዕቅድ አውጪዎች ደግሞ የሚከተሉት ነጥቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ የመምህር መምሪያና አጋዥ ጽሑፍ በስም የሚታወቅ ኃላፊ ክፍልና የክለሳ ጊዜ ከመታተሙ በፊት ይወሰን። ሁለተኛ፣ ፈጥኖ የሚለዋወጥ ቁጥርና መረጃ ከዋናው ማብራሪያ ተለይቶ በአባሪ ይቀመጥ፤ አባሪው ብቻውን ሊታደስ ይችላልና። ሦስተኛ፣ ስሕተት ያገኘ መምህር የሚያመለክትበት መንገድ ይከፈት፤ ማመልከቻውም መልስ ያግኝ። አራተኛ፣ በበጀት ሰነድ ውስጥ "ዝግጅት" ከሚለው አርእስት ጎን "ክለሳ" የሚል አርእስት ይኑር።

ማጠቃለያ

የኤም.ዲ.ኤን. ልምድ የሚያሳየው፣ ማሻሻል ማለት አዲስ ገጽ መጨመር ብቻ አለመሆኑን ነው። የተደጋገመውን አንድ ማድረግ፣ ያረጀውን ማመልከት፣ ከመውጣቱ በፊት መመርመር፣ ሊጠበቅ የማይችለውን ማንሣትም ማሻሻል ነው። ማመሳከሪያ እንደ እርሻ ነው፤ የተዘራው ካልታረመ አረሙ ይውጠዋል። ገበሬ ከአቅሙ በላይ አርሶ ግማሹን ለአረም ከሚተው፣ የሚያርመውን ያህል ቢዘራ ይሻለዋል። ለትምህርት መሣሪያዎቻችንም ከሚታተመው ቅጂ ብዛት ይልቅ፣ ታትሞ በተማሪ እጅ ያለው ዛሬም እውነት ስለ መሆኑ ኃላፊነት የሚወስድ ክፍል መኖሩ ሊቀድም ይገባል።