ልጄ በዚህ ሳምንት ምን ተማረ? ካርድ ሳይመጣ ለቤተሰብ ስለ መንገር

«ወላጅ አምጣ» የተባለ ልጅ ፊቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ልጁ ወይ ተደባድቧል፣ ወይ መስኮት ሰብሯል፣ ወይ ደጋግሞ ቀርቷል። እናት ወይም አባት ሥራቸውን ፈትተው ይመጣሉ፤ ይወቀሳሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይመለሳሉ። ከዚህ ውጪ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ የሚጠራው ለስብሰባ ነው። የስብሰባው አጀንዳም ባመዛኙ መዋጮ፣ አጥር ወይም የክፍል ግንባታ ነው። ልጁ ማንበብ መጀመሩን፣ መደመር ገብቶት እንደሆነ ወይም እንደተምታታበት ወላጁ የሚሰማበት አጋጣሚ እምብዛም የለም። ያንን ለማወቅ ካርድ መጠበቅ አለበት።

ካርድ ደግሞ ይዘገያል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት የሚታወቀው ጥር ሲያልቅ ገደማ ነው። በካፋ ዞን ይህ መዘግየት የከፋ ጉዳት አለው፤ ምክንያቱም ትምህርት በመስከረም እንደተከፈተ የቡና ለቀማው ይከተላል፤ እስከ ታኅሣሥም ይዘልቃል። የቀላ ቡና ጊዜ አይሰጥም፤ በጫካም በጓሮም ያለውን ለመሰብሰብ የቤቱ እጅ ሁሉ ይፈለጋል፣ የልጆችም ጭምር። በጊምቦ ወይም በዴቻ ወረዳ ያለ የ1ኛ ክፍል ተማሪ በጥቅምትና በኅዳር እየቆራረጠ ቢቀር፣ የሚያመልጠው ዓመቱን ሙሉ የሚደገፍበት የፊደልና የቁጥር ትምህርት ነው። ወላጁ ይህን የሚሰማው ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆና ተሸጦ ካለቀ በኋላ ነው። በኅዳር አጋማሽ አንድ ሰው «ልጅዎ በእነዚህ ቀናት ይህን ይህን ፊደል አምልጦታል» ቢለው ኖሮ፣ ብዙ ወላጅ ለቀማውን ወደ ከሰዓት ወይም ወደ ቅዳሜ ባዛወረው ነበር።

በእጅ የገባው ካርድስ ምን ይላል? በየትምህርቱ ከ100 የተሰጠ ውጤት፣ አማካይ፣ ደረጃ፣ ቀሪ የሆነባቸው ቀናትና ጠባይ፤ ከታች የወላጅ ፊርማ። ቤተሰብ ቀድሞ የሚያየው ደረጃውን ነው። ይሁንና ደረጃ ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲነጻጸር የት እንዳለ እንጂ ምን እንደሚችል አይናገርም። ክፍሉ በሙሉ ማንበብ ካቃተው ከክፍሉ አንደኛ የወጣውም ላያነብ ይችላል። በዚያ ላይ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ለረጅም ጊዜ በሥራ ላይ የቆየው ነጻ ዝውውር ልጆች በፈተና ምክንያት እንዳይወድቁ ታስቦ የተደረገና በተከታታይ ምዘና እንዲታገዝ የታሰበ ነበር። ምዘናው በወጉ ሳይደረግ ሲቀር ግን «ተዛውሯል» የሚለው ቃል ለቤተሰብ «ችሏል» የሚል መስሎ ይሰማል።

ይህ ግምት ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚያሳዩ አኃዞች አሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 በአገራችን በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። በሌላው ጫፍ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27 ሺህ 267 ብቻ፣ 3.2 ከመቶ ናቸው። ከእነዚህ ልጆች ወላጆች አብዛኞቹ ለዓመታት ካርድ ላይ ሲፈርሙ ኖረዋል። እውነቱን በመጨረሻው ቀን መስማት አልነበረባቸውም።

በካፋ ነገሩን የሚያወሳስበው፣ ደግሞም መፍትሔ የሚሰጠው፣ ቋንቋው ነው። የካፋ ሕዝብ ቋንቋ ካፊኖኖ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ወደ ትምህርት ቤት የገባው በላቲን ፊደል ተጽፎ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረውና በሂደት በ15 ቋንቋዎች በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ የካፋ ቋንቋ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ አያት፣ በአማርኛ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ አባትና ካፊኖኖን በላቲን የሚማር ልጅ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። አባት የተማረ ሰው ነው፤ ቋንቋውም የራሱ ነው፤ የልጁን ደብተር ሲገልጥ ግን አይቀናውም። ብዙ ወላጅ «እኔ የዛሬን ትምህርት አላውቀውም» ብሎ ራሱን የሚያገልለው እዚህ ላይ ነው።

ራሱን ማግለል ግን የለበትም። ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ ቋንቋውን የሚያውቅ ጆሮ ሁሉ ፈታኝ መሆን ይችላል። በካፊኖኖ የላቲን አጻጻፍ ረጅም አናባቢ በድርብ ፊደል ይጻፋል፤ ልጁ አሳጥሮ ካነበበው ቃሉ ትርጉም ያጣል፣ ወይም ሌላ ቃል ይሆናል። አንድም ፊደል የማያውቁ አያት ይህን ወዲያው ይሰማሉ። ልጁ ያነበበው ነገር ታሪክ እንዳለው፣ ወይስ ከአፉ የሚወጣው የተቆራረጠ ድምፅ ብቻ እንደሆነ ለመለየት ማንበብ ማወቅ አያስፈልግም። መምህሩ ለቤተሰብ ሊነግረው ከሚችለው ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፦ «እርስዎ ማንበብ ባይችሉም ማዳመጥ ይችላሉ፤ ማታ አንድ ገጽ ያንብብልዎ፤ ሲጨርስም ምን እንዳነበበ በራሱ አነጋገር ይንገርዎ»።

ይህ ዕድል ዘላለም አይቆይም። በቀድሞው ደቡብ ክልል አሠራር ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ቋንቋው ሲቀየር የቤተሰቡም ጆሮ ከጨዋታው ይወጣል። ቤተሰብ እጅግ ሊያግዝ የሚችለው በመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች ነው። እነዚህ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምርባቸው ስለሆኑ፣ ልጁን ከማለዳ እስከ መልቀቂያ የሚያየው፣ ለቤተሰብም ስለ ልጁ ሙሉ ነገር ሊናገር የሚችለው ያው አንድ ሰው ነው።

መልእክቱ ምን ይምሰል? «ጎበዝ ነው፣ ግን ይረብሻል» የሚለው ለወላጅ ምንም አያስጨብጥም። «በርትቶ ያጥና» የሚለውም እንዲሁ፤ ምን እንደሚያጠና ያልተነገረው ወላጅ የሚቀረው መቆጣት ብቻ ነው። ይጠቅማል የምለው መልእክት ልጁ አሁን የቻለውን፣ የቸገረውንና ቤት ሊደረግ የሚችለውን አንድ ነገር የያዘ ነው። ለምሳሌ የሒሳብ ቢሆን፦ «ልጅዎ እስከ ሃያ ያሉትን ቁጥሮች ይደምራል። ከዚያ ሲያልፍ አሥሩን ወደ ጎን ማሻገር ይረሳል። የደረቀ ቡና ፍሬ ይስጡት፤ በአሥር በአሥር እየከመረ ይቁጠርልዎ»። ይህን ለመናገር ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ካፋ ውስጥ የቡና ፍሬ የሌለበት ቤትም ማግኘት ያስቸግራል።

መምህራን እዚህ ላይ የሚያነሡትን ጥያቄ አውቃለሁ፤ እውነትም አላቸው። የአገራችን የአንደኛ ደረጃ መስፈርት በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ ብዙ ክፍል ደግሞ ከዚያ ያልፋል። የሃምሳ ልጅ ቤት ማን ያዳርሳል? ሁሉንም በአንድ ቀን ለማዳረስ መሞከር ነው የሚያደክመው። በቀን ለሁለት ልጆች ቤተሰብ ብቻ መልእክት ቢላክ፣ በሳምንት አሥር፣ በአምስት ሳምንት ሃምሳው ቤት ይዳረሳል። እስከ ካርዱ ቀን ድረስ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሦስት ጊዜ ያህል ይሰማል ማለት ነው። የትኛው ልጅ መቼ እንደተነገረለት በስም መጥሪያው ጎን ምልክት ማድረግ ይበቃል። ይህ እንግዲህ አዲስ ሥራ የሚሆነው ተከታታይ ምዘና ለማይዝ መምህር ነው፤ የሚይዘው መምህር የሚናገረው አስቀድሞ በእጁ አለ።

መልእክቱ በምን ይሂድ? በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች መምህርና ወላጅ የሚጻጻፉበት ኮሙኒኬሽን ቡክ የተለመደ ነው። በካፋዋ ቦንጋ ከተማ ለሚያነብ ቤተሰብ በልጁ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ሁለት መስመር መጻፍ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ስልክ ያለው ቤት ይደወልለታል፤ የቴሌግራም ቡድንም ለጋራ ማስታወቂያ ጥሩ ነው። የአንድን ልጅ ድካም ግን ቡድን ውስጥ መጻፍ ነውር ነው፤ ቤተሰቡንም ያርቃል። ለቀረው ሕዝብ ግን ዋናው መንገድ አፍ ነው፦ በትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ። ሁሉም የሚያነብ ይመስል በር ላይ ወረቀት ለጥፎ «አሳውቀናል» ማለት አያሳውቅም።

ቡና ላይ መነጋገርስ? ጎረቤት የሚሰበሰበው እዚያ ስለሆነ ለመምህሩ የቀለለ ይመስላል። እኔ ግን በሁለት ምክንያት እጠነቀቅበታለሁ። አንደኛ፣ የልጅ ጉድለት በጎረቤት ፊት ሲነገር ወላጅ ያፍራል፣ ልጁም ይቀጣል። ሁለተኛውና የከበደው፣ በካፋ ሁሉም ሰው በሁሉም ቤት ቡና ሲጠራ አልኖረም። የማንጆ ማኅበረሰብ ለብዙ ዘመን በሌላው ቤት ገብቶ አብሮ እንዳይበላና እንዳይጠጣ ተገልሎ የኖረ ነው፤ የመገለሉ ጠባሳ እስከ ትምህርት ቤት ግቢ ይዘልቃል። ወሬው በቡና ሸንጎ ብቻ የሚዞር ከሆነ አስቀድሞ የሚቀርበት ያው ሲገለል የኖረው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ መምህሩ ከሃምሳው ስም ሲጀምር ስብሰባ ላይ ድምፃቸው ከማይሰማው፣ ከኋላ ከሚቆሙት፣ ጨርሶ ከማይመጡት ቤተሰቦች ቢጀምር እመክራለሁ። ልጁ ከዘመድ ቤት ሆኖ የሚማር ከሆነም መልእክቱ የሚሄደው በመዝገቡ ላይ ስሙ ለተጻፈው አባት ሳይሆን ማታ አብሮት ለሚያመሸው አሳዳጊ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል የሌሎች አገሮች ልምድ መልስ አለው፤ መልሱ ግን ሁሉንም የሚያስደስት አይደለም። በማላዊ በተደረገ ጥናት ወላጆች ስለ ልጃቸው ውጤት ያላቸው ግምት ከእውነቱ በጣም የራቀ ሆኖ ተገኝቷል፤ የባሰውም ድሃና ያልተማሩ ወላጆች ዘንድ ነበር። ውጤቱ በግልጽ ሲነገራቸው ግን እነዚሁ ወላጆች ውሳኔያቸውን ከልጁ ደረጃ ጋር አስተካከሉ። በሕንድ ኡታር ፕራዴሽ ደግሞ የመንደር ስብሰባ ጠርቶ የትምህርቱን ሁኔታ መንገር ብቻውን ምንም አልለወጠም፤ ለውጥ የታየው የመንደር ፈቃደኞች ልጆችን ማንበብ ሊያስተምሩ ሲነሡ ነው። በቦትስዋናም በ2020 (እ.አ.አ.) ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ የጽሑፍ መልእክት ከሳምንታዊ አጭር የስልክ ጥሪ ጋር ሲጣመር የልጆቹን ሒሳብ አሻሻለ፤ ጽሑፉ ብቻውን ግን ያን ያህል አልሠራም። ከሁሉም የምወስደው ይህን ነው፦ ሰው ለሰው የሚነገር፣ የሚደረግ ነገር ያለበት መልእክት ይሠራል፤ አዳራሽ ውስጥ ለመቶ ሰው የተነበበ ሪፖርት አይሠራም።

ወላጅም ቢሆን እስኪነገረው መጠበቅ የለበትም። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም ከአራቱ ዓቢይ ርእሶች አንዱን ለኅብረተሰብ ተሳትፎ ሲሰጥ፣ ተሳትፎን በእንጨትና በቆርቆሮ ብቻ አልለካም። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ስለ አጥሩ ከተነገረ በኋላ አንድ ወላጅ ተነሥቶ «የ2ኛ ክፍል ልጆች እስከዚህ ወር ምን ማንበብ ነበረባቸው? ስንቶቹስ ቻሉ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ ይገባዋል። ርእሰ መምህሩም ይህን ጥያቄ እንደ ድፍረት ሊያየው አይገባም።

ለቦንጋ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ አንድ ጥያቄ አለኝ። እጩ መምህራን ለተግባር ልምምድ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲወጡ የትምህርት ዕቅድና የማስተማሪያ መሣሪያ ያዘጋጃሉ። ከዚያ ጋር እያንዳንዳቸው የአምስት ልጆችን ቤተሰብ በካፊኖኖ ወይም ቤቱ በሚናገረው ቋንቋ አነጋግረው እንዲመለሱ ይደረግ፤ እንዴት እንደተነጋገሩም ይመዘኑበት። ለትምህርት ቤቶች ደግሞ፦ የመጀመሪያው መልእክት በመስከረም፣ ለቀማው ሳይጀመር ይውጣ።