የመኪናን ቀለም የሚጠብቅ ሽፋን እንዴት ይረጫል?

(በሬዲዮ ከተነገሩት ትምህርታዊ ንግግሮች)



አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለሥራ ጉዳይ ከባቲ ተነሥቶ በደጋን በኩል ወደ ኮምቦልቻ፥ ከኮምቦልቻም የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ ወደ ደሴ ቢጓዝ፥ ግማሽ ቀን በማይሞላ ጊዜ ከአንዱ አየር ወደ ሌላው አየር ይሻገራል። ባቲ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር፥ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፥ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ተጓዡ በቆላ ኮቱን ያወልቃል፤ ደሴ ሲደርስም ካፖርቱን ይደርባል። የተሳፈረባት መኪና ግን የምታወልቀውም የምትደርበውም የላትም። የቆላውን ሐሩርና አቧራ፥ የሐረጎን ጉም፥ የደሴን ብርድና ዝናም የምትቀበለው በዚያው በአንዱ ልብሷ ነው። ይህም ልብሷ ቀለሟ ነው።

ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ የዚህ ልብስ አጠባበቅ ነው። በተለይም በየመለዋወጫ መደብሩ በጠርሙስና በቆርቆሮ እየታሸገ የሚሸጠው፥ በቀለሙ ላይ የሚረጨው መከላከያ ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠራበት በአጭሩ እንገልጻለን። ስለዚህ መድኀኒት ሻጮች ብዙ ይናገራሉ። አንዳንዱ ገዢ ቃላቸውን ሁሉ አምኖ ይገዛል፤ ሌላው ደግሞ ማታለያ ነው ብሎ ይተወዋል። እውነቱ ግን በሁለቱ መካከል ነው።

ነገሩ እንደ ቅንጦት የሚታይበት ጊዜ አልፏል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል። ስለዚህ በቤተ ሰብም ሆነ በመሥሪያ ቤት እጅ ያለችው መኪና በቀላሉ የምትተካ አይደለችም። ብዙ ዓመት የተቆጠበ ገንዘብ ወይም የሕዝብ ንብረት ናትና፥ ዕድሜዋን ማራዘም የእያንዳንዳችን ግዴታ ነው።

በመጀመሪያ ቀለሙ ራሱ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ከፋብሪካ የወጣች መኪና ቀለም አንድ ወጥ ነገር አይደለም። በላሜራው ላይ በቅድሚያ ዝገትን የሚከላከል መሠረት ይደረጋል። ከዚያ በላይ ገጹን የሚያስተካክል ንብር፥ ከዚያም ቀለሙ፥ ከሁሉ በላይ ደግሞ መስተዋት የሚመስል ጥርት ያለ ቫርኒሽ ይከተላል። እነዚህ ሁሉ ተደራርበው ሲለኩ፥ ውፍረታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛውን ብዙም አያልፍም። በመኪናችን ላሜራና በዝገት መካከል ያለው ግድግዳ ይህን ያህል ስስ ነው።

የመኪና ቀለም ቀድሞ በብሩሽ ይቀባ ስለ ነበር እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ዱኮ የተባለውን ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም ካወጣ በኋላ፥ በአየር ግፊት እየረጩ መቀባት በፋብሪካዎች ተስፋፋ። ጥርት ያለው የላይኛው ቫርኒሽ ደግሞ በብዙ መኪናዎች ላይ የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። ዛሬ የሚሸጠው የሚረጭ መከላከያም ሥራው ይህን ቫርኒሽ መጠበቅ ነው።

የቫርኒሹ ጠላቶች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ፀሐይ ነው። ለዐይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር የቫርኒሹን ውስጣዊ ትስስር ቀስ በቀስ ይበጣጥሳል። የዚህም ጨረር ኀይል በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፥ በደሴ የሚያርፈው በባሕር ዳርቻ ከሚያርፈው ቢያንስ በሩብ ያህል ይበልጣል። አየሩ ስለ ቀዘቀዘ ፀሐዩ የለዘበ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ነገር ግን ቀለምን የሚያነጣው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ጨረሩ ነው። በኮፈንና በጣራ ላይ ያለው ቀለም ከጎኑ ቀድሞ የሚነጣውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው አቧራ ነው። አቧራ በራሱ ከተቀመጠበት አይነሣም፤ ጉዳቱ የሚመጣው በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ ነው። ጨርቁና አቧራው ተባብረው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናሉና። ሦስተኛው የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ ነው። ጥላ ፍለጋ መኪናችንን ከዋርካ ሥር ስናቆም፥ ከላይ ያሉትን ወፎች እንዘነጋለን። ኩሳቸው አሲድነት አለው፤ በፀሐይ በጋለ ቀለም ላይ ከደረቀም ቫርኒሹን በልቶ ምልክት ይተዋል። አራተኛው ውኃ ነው። በበልግና በክረምት የሚወርደው ዝናም ጭቃ ይዞ በየስንጥቁ ይገባል፤ ለማጠቢያ የምንጠቀምበት ውኃም በላዩ ሲደርቅ በውስጡ የነበረው ማዕድን ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ የሚረጨው መከላከያ በእነዚህ ጠላቶችና በቫርኒሹ መካከል የሚገባ ሌላ ስስ ንብር ነው። ጥቃቱን በቅድሚያ የሚቀበለው፥ ቀድሞም የሚያልቀው እርሱ ነው። እርሱ ሲያልቅ ይታደሳል፤ ቫርኒሹ ግን ካለቀ የሚታደሰው በከባድ ወጪ እንደገና በመቀባት ብቻ ነው።

በገበያ ያለው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ከሰም የሚዘጋጀው ሲሆን፥ ከሁሉ የታወቀው ሰም ካርናውባ ከተባለ የብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ነው። አንጸባራቂነቱ ደስ ያሰኛል፥ ዕድሜው ግን ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ነው። ሁለተኛው በፋብሪካ ከሚሠራ ፖሊመር የሚዘጋጀው ሲሆን ለወራት ይቆያል። ሦስተኛው ሴራሚክ የሚባለው ነው፤ የአሸዋና የመስተዋት መሠረት የሆነው ሲሊካ ይገባበታል። ከሁለቱ ይልቅ ይቆያል፤ ሆኖም በቤት የሚረጨው ዐይነት ባለሙያ በጥንቃቄ እንደሚቀባው ወፍራም ሴራሚክ ለዓመታት ይቆያል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

በአንዳንዱ ማሸጊያ ላይ «ዘጠኝ ኤች» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ እንደ አልማዝ የጠነከረ ነገር ያገኘ ይመስለዋል። ነገር ግን ልኩ የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ ነው። የዚህ መለኪያ የመጨረሻው ጠንካራ እርሳስ ሽፋኑን አልጫረውም ማለት እንጂ፥ ጠጠር አይበሳውም ማለት አይደለም። በጠጠር መንገድ ከፊት ከሚሄድ የጭነት መኪና ጎማ የሚፈናጠር ድንጋይን የሚመልስ ስፕሬይ የለም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። የዚህም ሥራ ምስጢር ያለው ከሥሩ ነው። ሽፋኑ ከሥሩ ያገኘውን ሁሉ አትሞ ያስቀራል፤ ንጹሑን ካገኘ ንጽሕናውን፥ ቆሻሻውን ካገኘም ቆሻሻውን። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ሲያሟሹ የሚያደርጉትን እናስታውስ። ምጣዱን በሚገባ ሳይጠርጉ የጎመን ዘር አይነሰንሱበትም፤ የጎመን ዘሩንም አብዝተው አይተዉትም፥ በማሰሻ እያሹ ስስ አድርገው ያዳርሱታል እንጂ። የመኪናም ሽፋን ሕጉ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ንጽሕና፥ ቀጥሎ ስስነት።

አንደኛ፥ መኪናይቱ ጥላ ባለበትና ነፋስ አቧራ በማያመጣበት ቦታ ትቁም። ኮፈኗ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ በጋለ ላሜራ ላይ የተረጨ መድኀኒት ሳይዳረስ ይደርቅና ዥጉርጉር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለኮምቦልቻና ለደጋን ሰው ማለዳው ይሻላል፤ ለደሴ ሰው ግን ጤዛውና ጉሙ እስኪለቅ መጠበቅ ይበጃል።

ሁለተኛ፥ በብዙ ውኃ አቧራውን ካስለቀቁ በኋላ ለመኪና በተዘጋጀ ሳሙና ማጠብ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ለቀለም የተዘጋጀ አይደለም። በላቫጆ ቤቶች ለማብረቅ ሲባል ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ የሚቀባ ቢኖር አይፈቀድለት፤ ቅባቱ መከላከያው እንዳይዝ ያደርጋል፥ ጎማና ላስቲክም ይጎዳል። ከታጠበች በኋላ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ፈጽማ ትድረቅ።

ሦስተኛ፥ መጥራቱን መፈተን ነው። ስስ ፌስታል በእጅ ላይ አጥልቆ በታጠበው ቀለም ላይ ቀስ አድርጎ ማንሸራተት ነው። ዐይን ያላየው ሻካራ ነገር በጣት ይታወቃል። ይህ ከቀለሙ ጋር የተጣበቀ ቆሻሻ ነው፤ ለዚሁ ሥራ በሚሸጠውና እንደ ሊጥ በሚለጠጠው ማጽጃ በሳሙና ውኃ እያለሰለሱ ያስለቅቁታል። በመጨረሻ በውኃ በተበረዘ አልኮል ቢጠረግ የቀረው ቅባት ይለቃል።

አራተኛ፥ መርጨቱ ነው። ጠርሙሱን በሚገባ ነቅንቆ፥ በአንድ ጊዜ አንድ በር ወይም የኮፈኑን ግማሽ ብቻ መያዝ ይገባል። በጨርቁ ላይ ረጭቶ ማዳረስ ነፋስ እንዳይወስደው ያደርጋል። ወዲያውም በሌላ ንጹሕና ደረቅ ጨርቅ ዱካው እስኪጠፋ ማሸት ነው። አንድ ጊዜ ብዙ ከመርጨት፥ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቆ ሁለተኛ ስስ ንብር መድገም ይሻላል። በማይታይ ጥግ አስቀድሞ መሞከርም የብልህ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ መኪናይቱ በማሸጊያው ላይ ለተመለከተው ሰዓት ያህል ከዝናምና ከውኃ ትጠበቅ።

ጥንቃቄም አይዘንጋ። መድኀኒቱ በፍሬን ላይ ፈጽሞ መድረስ የለበትም። በፊት መስተዋት ላይ ከቀረ በሌሊት ዝናም እይታን ያደበዝዛል፤ በሐረጎ ቁልቁለት ይህ ምን ያህል አስጊ እንደ ሆነ መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። የሚረጨው ሰው አፍንጫውን ይሸፍን፥ የእጅ ጓንት ያድርግ፥ በአጠገቡ ሲጋራና እሳት አይኑር። በግፊት የታሸገ ቆርቆሮ በፀሐይ በምትቆም መኪና ውስጥ ሊተው አይገባም፥ ሊፈነዳ ይችላልና። የማጠቢያው ፍሳሽም ወደ ወንዝ እንዳይወርድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በኮምቦልቻ በኩል የሚወርደው የቦርከና ውኃ ከታች የሚጠብቀው ገበሬ አለው።

መከላከያው የማይችለውንም ማወቅ ይገባል። የጀመረ ዝገትን አይፈውስም፤ በላዩ ቢረጭበት ዝገቱ ከውስጥ መብላቱን ይቀጥላል። በስቱኮ የተደፈነ ጉድጓድን አያጠነክርም፥ የነጣ ቫርኒሽንም አይመልስም። እንዲህ ያለ ጉዳት ያለባት መኪና መጀመሪያ ወደ ጋራዥ ትሂድ። በጋራዥ እንደገና የተቀባ ቀለም ደግሞ በውስጡ ያለው ማቅጠኛ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ መታተም የለበትም። ይህም ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል፥ ቀቢው የተጠቀመበት ቀለም ስንት ጊዜ እንደሚፈልግ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሽፋኑ ማለቁ የሚታወቀው ውኃ በማፍሰስ ነው። ውኃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ከወረደ መከላከያው አለ። በንጹሕ ቀለም ላይ ተዘርግቶ ከቀረ ግን የማደሻው ጊዜ ደርሷል። ጥበቃው ካለ የወፍ ኩስ ግድ የለም ማለት እንዳልሆነ ግን ይታወቅ፤ ሽፋኑ የሚሰጠን ጊዜ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። በዚያው ቀን በርጥብ ጨርቅ አርሶ ማንሣት ምንጊዜም ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች አንድ ቃል እንጨምራለን። የመንግሥት መኪና የዘይት መለወጫ ቀኗ በመዝገብ እንደሚጻፍ ሁሉ፥ ቀለሟ የተጠበቀበትም ቀን ቢጻፍ ለንብረት ክፍሉ ከባድ ሥራ አይሆንም። ግማሽ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ በቁጠባ ከተያዘ ለብዙ ጊዜ ይበቃል፤ አንድ ኮፈን እንደገና ለማስቀባት ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸርም ወጪው ጥቂት ነው። ሾፌሩ በየጊዜው ይመልከት፥ ኀላፊውም ይጠይቅ። በራስ ገንዘብ የተገዛችውን ዐይናችን እንዲጠብቅ፥ በሕዝብ ገንዘብ የተገዛችውንም እንዲሁ ይጠብቅ። ገንዘብ የወጣበትን ነገር ሳይበላሽ መጠበቅ፥ ከተበላሸ በኋላ ከማደስ ሁልጊዜ ይቀላልና።