«መፈግፈግ» እና «መወልወል»፦ ስለ ጀልባ ቀፎ አጨራረስ የሙያ ቃላት

የፋይበር ግላስ ጀልባን የጥገና መመሪያ ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው የመጀመሪያው እንቅፋት የቃል ማጣት ሳይሆን የቃል መብዛት ነው። ፋቀ፣ ሞረደ፣ ላገ፣ አሸ፣ ፈገፈገ፣ ወለወለ፣ አለሰለሰ፣ ሁሉም በእጁ አሉ። ያለ ጥንቃቄ መምረጥ ግን ጉዳት ያመጣል። ጄልኮት የሚባለው የቀፎው የውጭ ልባስ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነውና፣ «ወልውል» ሊባል ሲገባው «ፈግፍግ» የተባለ ሠራተኛ ልባሱን ጨርሶ ከፋይበሩ ሊደርስ ይችላል። («ቀፎ» ያልነው የጀልባውን ባዶ የውጭ አካል ነው፤ ከንብና ከስልክ ቀፎ ጋር የሚያምታታው አይኖርም።)

ለሁለቱም ሥራ «ማለስለስ» ማለት ይቀናል። ይሁን እንጂ ይህ ቃል ውጤትን እንጂ አሠራርን አይናገርም፤ ውጤቱንም ቢሆን ሁልጊዜ በትክክል አይገልጽም። ከቀለም በፊት ቀፎው በብርጭቆ ወረቀት የሚታሸው ቀለሙ እንዲይዝ በመጠኑ እንዲሻክር ጭምር ነውና። «ፋቀ» ለቆዳና ለጥርስ ያደረ ነው፤ «መፋቂያ» የሚል ቃል ያነበበ ሰው የጥርሱን እንጨት ያስባል። «ላገ» ስለት በአንድ አቅጣጫ እየሄደ ፍቅፋቂ የሚያወጣበት የአናጢ ሥራ ነው። «ፈገፈገ» ግን፣ ድስት የሚያጥብ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በሻካራ ነገር ደጋግሞ እያሹ ከላይ ያለውን ማንሣት ነው። ቅርጹም ይረዳል፦ ፈገፈገም ሆነ ወለወለ ሁለት ተነባቢዎችን በመድገም የተሠሩ ግሦች ስለ ሆኑ የእንቅስቃሴን መደጋገም ያሳያሉ። አንዱ ያነሣል፣ ሌላው ያበራል።

በእጅ የሚያዘው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ክብ ገበታ አለው። ገበታው በራሱ ዛቢያ ይሽከረከራል፤ ዛቢያው ደግሞ 3 ወይም 5 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ባለው ጠባብ ክብ ይዞራል። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች ስለሚደራረቡ ጭረት በጭረት ላይ አይደገምም። የእንግሊዝኛው ስያሜ ቃል በቃል ቢመለስ «የዘፈቀደ ምሕዋር» ይሆናል፤ ይህ ለከዋክብት ተመራማሪ እንጂ ለቀለም ቀቢ አይመችም። የጂኦግራፊ መጻሕፍት ስለ ምድር ሲናገሩ መሽከርከርንና መዞርን ቀድመው ለይተዋቸዋልና «ባለ ድርብ ዙር መፈግፈጊያ» እንዲባል እናሳስባለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው የብርጭቆ ወረቀቱ ቁጥር ነው። አሮጌ ቀለም ለማንሣት 80፣ የጄልኮትን ጭረት ለማጥፋት ከ800 እስከ 2000 ያሉት ያገለግላሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቅንጣቱ ይደቅቃል። ስለዚህ «የሻካራነት ቁጥር» የሚል ትርጉም ነገሩን ይገለብጠዋል። የቁጥሩ ምንጭ ወንፊት ነው፤ ዱቄቱ ላመ እንደምንል «የልመት ቁጥር» ብንል ቃሉና ቁጥሩ አብረው ያድጋሉ። («ልማት» ሆኖ እንዳይታተም አራሚዎች ይጠንቀቁ።)

ከውኃ መስመር በታች (የግንበኛው «ውኃ ልክ» ሌላ ነገር ነው) ቀፎው የባሕር ተጣባቂ ነፍሳትን የሚከላከል ቀለም ይቀባል። ቀለሙ ብዙውን ጊዜ የመዳብ ውሑድ አለበት፤ በአሮጌ ጀልባዎችም በ2001 እ.ኤ.አ. ጸድቆ በ2008 ሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የታገደው የቲን ውሑድ ሊገኝ ይችላል። አቧራው መርዛም ነው። «እርጥብ መፈግፈግ» አቧራውን ያስታግሣል፤ ነገር ግን ትእዛዙ ለእጅ ወይም በአየር ግፊት ለሚሠራ መሣሪያ የተሰጠ መሆኑ በትርጉሙ ካልተገለጸ፣ ከሶኬት በሚሠራ መሣሪያ ላይ ውኃ የሚጨምር ሰው በኤሌክትሪክ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ለኤሌክትሪኩ መሣሪያ «ደረቅ መፈግፈግ፣ ከአቧራ መሳቢያና ከመተንፈሻ ጭንብል ጋር» ተብሎ ሐረጉ ሳያጥር ይጻፍ።