የክሬዲት ታሪክ ከባዶ ሲጀመር

የዱቤ ደብተር የሌለው የሰፈር ባለሱቅ ማግኘት ይቸግራል። ማን ደመወዝ እንደተቀበለ ሳይጠየቅ እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያጓትት፣ ለማን ደግሞ እጅ በእጅ ካልሆነ እንደማይሰጥ ባለሱቁ ከደብተሩ ያውቃል። የአሜሪካ የክሬዲት ሥርዓትም የተነሣው ከእንዲህ ያለ ደብተር ነው። ቻታኑጋ በምትባል የቴነሲ ከተማ ግሮሰሪ የነበረው ኬተር ዉልፎርድ የደንበኞችን የአከፋፈል ጠባይ እየመዘገበ ለሌሎች ነጋዴዎች መሸጥ ጀመረ። በ1899 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከወንድሙ ከጋይ ጋር አትላንታ ውስጥ ድርጅት አቋቋመ። ያ ድርጅት ዛሬ ኢክዊፋክስ ይባላል፤ ከኤክስፔሪያንና ከትራንስዩኒየን ጋር ሆኖ የአብዛኛውን አሜሪካዊ የብድር መዝገብ ይይዛል።

እነዚህ ሦስት ድርጅቶች ራሳቸው አያበድሩም። ባንኮች፣ የክሬዲት ካርድ ድርጅቶችና የመኪና አበዳሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ መረጃ ይልኩላቸዋል፤ እገሌ ይህን ያህል ተበደረ፣ ይህን ያህል ከፈለ፣ በቀኑ ከፈለ ወይም አሳለፈ ይላሉ። ድርጅቶቹ ሰውየውን አያውቁትም። ያልተላከላቸውን ነገር ሁሉ እንዳልተደረገ ይቆጥሩታል። አዲስ ገቢውን ወጣት የሚያስቸግረውም ይኸው ነው።

የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ በዲቪ መጥቶ ቨርጂኒያ ገባ እንበል። አገሩ ላይ የሠራ፣ የሰው ገንዘብ በልቶ የማያውቅ፣ ብድር የሚባል ነገር ያልነካ ልጅ ነው። ሌላዋ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ ያደገች፣ ገና አሥራ ስምንት የሞላት የሀበሻ ልጅ ናት። በመዝገቡ ፊት ሁለቱ እኩል ናቸው፤ የሁለቱም ገጽ ባዶ ነው። ከመዝገቡ የሚሰላው የክሬዲት ነጥባቸው ዝቅተኛ አይደለም፤ ከነጭራሹ ነጥብ የላቸውም። በብዛት የሚሠራበት የፋይኮ ነጥብ እንዲወጣ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው አንድ ሂሳብ መኖር አለበት፤ ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ ስለ ሰውየው የተላከ መረጃም ያስፈልጋል። ሦስቱ ድርጅቶች በ2006 ያወጡት ቫንቴጅስኮር ከዚያ ባጠረ ጊዜ ነጥብ ይሰጣል። አዲስ አበባ ላይ ብድር በቀኑ ከፍሎ የጨረሰ ሰውም ቢሆን የብሔራዊ ባንክ መዝገብ ወደ እነዚህ ድርጅቶች ስለማይደርስ ከባዶ ይጀምራል።

ባዶ ገጽ ዋጋ ያስከፍላል። አከራዩ የአፓርትመንት ማመልከቻውን ሲያይ ተጨማሪ ዲፖዚት ወይም ዋስ ይጠይቃል። የመብራትና የስልክ ድርጅቶችም መያዣ ሊሉ ይችላሉ። ትልቁ ጉዳት ግን መኪና ላይ ነው። 20,000 ዶላር ለአምስት ዓመት በ7 በመቶ ወለድ የተበደረ ሰው በወር 396 ዶላር ገደማ ይከፍላል። ያው ብድር በ18 በመቶ ከሆነ ክፍያው በወር ወደ 508 ዶላር ይወጣል። በአምስት ዓመት ውስጥ ልዩነቱ ከ6,700 ዶላር ይበልጣል። መኪናው ያው መኪና፣ ሥራውም ያው ሥራ ነው። በዚያ ገንዘብ አንድ ወጣት ስንት ሴሚስተር የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትምህርት ሊከፍልበት እንደሚችል ሳስብ፣ ይህ ነገር ለልጆቻችን በጊዜ ሊነገራቸው ይገባል እላለሁ።

ነጥቡን የሚያሰላው ፋይኮ በ1956 በመሐንዲሱ ቢል ፌር እና በሒሳብ ሊቁ ኧርል አይዛክ ተመሠረተ፤ ዛሬ አበዳሪዎች በስፋት የሚያዩት ነጥብ የወጣው ግን በ1989 ነው። ከዚያ በፊት መዝገቡ ሐሜትም ይጨምር ነበር። የመዝገብ ድርጅቶች ሰዎች ስለ ግለሰቡ ትዳር፣ መጠጥና ጠባይ ጎረቤት እየጠየቁ ይጽፉ ነበር። በ1970 የወጣው ሕግ ሰው የተጻፈበትን የማየትና የማስተካከል መብት ሰጠው። በ1974 የወጣው ደግሞ አበዳሪ በጾታና በጋብቻ ምክንያት እንዳያዳላ ከለከለ፤ ዘርና ሃይማኖትም ከሁለት ዓመት በኋላ ተጨመሩ። ዛሬ ነጥቡ ውስጥ ደመወዝ የለም፣ ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ የለም፣ የትውልድ አገርም የለም።

ነጥቡ ከ300 እስከ 850 ይሄዳል። 35 በመቶው በቀኑ መክፈልና አለመክፈልን፣ 30 በመቶው የተያዘውን ዕዳ መጠን፣ 15 በመቶው የታሪኩን ዕድሜ ይመለከታል። የቀረው ለአዳዲስ ማመልከቻዎችና ለብድር ዓይነቶች እኩል ይከፈላል። ለጀማሪ ከሁሉም የሚከብደው ዕድሜው ነው። ክፍያን በጥንቃቄ፣ ዕዳን በቁጥብነት ማስተካከል ይቻላል፤ ያለፈውን ጊዜ ግን ገንዘብ ያለውም ሰው አይገዛውም። ለዚህ ነው የአሥራ ስምንት ዓመቷ ልጅ አሁኑኑ በትንሹ ብትጀምር የምለው፤ ሃያ አምስት ዓመት ሞልቷት ቤት ስትፈልግ መዝገቡ ሰባት ዓመት ያስቆጥራል።

የተለመደው መጀመሪያ በመያዣ የሚሰጥ ክሬዲት ካርድ፣ ማለትም ሴኪውርድ ካርድ ነው። ባንኩ ለምሳሌ 200 ወይም 300 ዶላር ዲፖዚት ይቀበልና ያንኑ ያህል ጣሪያ ያለው ካርድ ይሰጣል። ዲፖዚቱ የባንኩ መተማመኛ ነው እንጂ ለዕቃ መክፈያ አይደለም፤ በካርዱ የተገዛው በየወሩ ከኪስ ይከፈላል። በደንብ የተያዘ ካርድ ከጊዜ በኋላ ወደ መደበኛ ሊለወጥ፣ ዲፖዚቱም ሊመለስ ይችላል። ከመፈረም በፊት ባንኩ ለሦስቱም ድርጅቶች መረጃ ይልክ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የማይልክ ካርድ ለዚህ ዓላማ ምንም አይጠቅምም። ዴቢት ካርድም እንዲሁ ነው፤ ለአሥር ዓመት ቢንቀሳቀስ በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር አይጽፍም።

ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚደናገሩት በወሩ አሠራር ላይ ነው። ካርዱ ሁለት ቀኖች አሉት። አንደኛው የወሩ ሒሳብ የሚዘጋበት ቀን ነው። ሁለተኛው የመክፈያው የመጨረሻ ቀን ሲሆን፣ ቢያንስ ሃያ አንድ ቀን ቆይቶ ይመጣል። በአብዛኛው ለመዝገብ የሚላከው ሒሳቡ በተዘጋበት ቀን የነበረው ዕዳ ነው። ጣሪያው 300 ዶላር የሆነ ካርድ ይዞ 240 ዶላር ያወጣ ልጅ ኋላ ሙሉውን በቀኑ ቢከፍል እንኳ፣ መዝገቡ ላይ የጣሪያውን 80 በመቶ የተጠቀመ ሆኖ ይታያል። ይህም ነጥቡን ይቀንስበታል። ከ30 በመቶ በታች መቆየት ይመከራል፤ ወደ 10 በመቶ ቢወርድ ደግሞ የተሻለ ነው። እንግዲህ የስልኩን ወርሃዊ ክፍያ ብቻ በካርዱ ማድረግና ካርዱ ሙሉ ሒሳቡን ከባንክ በራሱ እንዲወስድ ማዘዝ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል።

ነጥብ እንዲያድግ ትንሽ ዕዳ አሳድር የሚል ምክር በየሥራ ቦታው ይወራል። ትክክል አይደለም። ሙሉውን የከፈለ ሰው ወለድ ሳይነካው እኩል ያድጋል፤ ሚኒመሙን ብቻ የሚከፍል ግን በ24 በመቶ ወለድ ለእያንዳንዱ 1,000 ዶላር ዕዳ በወር 20 ዶላር ገደማ በከንቱ ያፈሳል። ሠላሳ ቀን ያለፈው ክፍያ ደግሞ ለሰባት ዓመት መዝገብ ላይ ይቆያል። አንድ ያመለጠ ወር የዓመት ድካም ያፈርሳል።

ሌሎች በሮችም አሉ። ጥሩ መዝገብ ያላት እናት ልጇን በራሷ ካርድ ላይ ተጠቃሚ አድርጋ ብታስመዘግብ፣ ካርዱን ላትሰጠው ትችላለች፣ የካርዱ ታሪክ ግን በአብዛኛው በልጁም መዝገብ ላይ ይወጣል። እሷ ያሳለፈችው ክፍያም ቢሆን እሱ ላይ ሊጻፍ ይችላልና በቤተሰብ መካከል በግልጽ መነጋገር ይገባል። ክሬዲት ዩኒየኖች የሚሰጡት የክሬዲት መገንቢያ ብድርም አለ፤ ገንዘቡ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ተበዳሪው በየወሩ ይከፍላል፣ ሲጨርስ ገንዘቡ ይሰጠዋል። ከሃያ አንድ ዓመት በታች የሆነ ሰው በስሙ ካርድ ለማውጣት በ2009 ሕግ መሠረት የራሱን ገቢ ማሳየት ወይም ዋስ ማቅረብ አለበት።

ዋስነት ካልን፣ በማኅበረሰባችን ብዙ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ይህ ነው። የአክስት ልጅ መኪና ሊገዛ ነው፣ ፈርምልኝ ይላል፤ እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። የፈረመው ሰው ግን የዕዳው ሙሉ ባለቤት ነው። የዘመዱ የዘገየ ክፍያ በራሱ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ብድሩም የራሱ ተደርጎ ስለሚቆጠር ነገ ቤት ሲፈልግ አቅሙን ያሳንስበታል። ይሉኝታ የያዘው ወጣት፣ የሚችለውን ገንዘብ በእጁ ቢሰጥና ፊርማውን ቢከለክል ለሁለቱም ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ዕቁብ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ዓመታትን በዕቁብ ያሳለፉ፣ አንድ ጊዜ ሳያስታጉሉ የጣሉ፣ ንግድ የከፈቱበትም ሰዎች አሉ። ያ ሁሉ ታማኝነት በመዝገቡ ላይ የለም። ለእናቱ በየወሩ ገንዘብ የሚልከው ልጅ ትጋትም የለም። ይህ ሊለወጥ የማይችል ነገር አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ሚሽን አሴት ፈንድ ዕቁብን የሚመስል የወለድ አልባ ብድር ክበብ አቋቁሞ የአባላቱን ወርሃዊ ክፍያ ለክሬዲት ድርጅቶቹ ይልካል። ካሊፎርኒያም በ2014 ለእንዲህ ያለ ወለድ አልባ አነስተኛ ብድር ሕግ አውጥታለች። የእኛ ማኅበራት ይህን መንገድ ቢያጠኑት እወዳለሁ።

መዝገብን ማየት ነጻ ነው። በሕግ የተቋቋመው የጋራ ድረ ገጽ የሦስቱንም ድርጅቶች ሪፖርት በየሳምንቱ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ የራስን መዝገብ ማየትም ነጥብ አይቀንስም። ነጥብ የሚነካው ለብድር ሲያመለክቱ አበዳሪው የሚያየው ነው፤ ያ ለሁለት ዓመት ይመዘገባል። ስለዚህ በአንድ ሳምንት አምስት ካርድ መጠየቅ አይበጅም። ለሐበሻ ደግሞ ስምን ማጣራት የግድ ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይያዛል፣ የአያት ስም አንዴ ይጻፋል አንዴ ይቀራል፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍም ከፓስፖርት ወደ መንጃ ፈቃድ ይለያያል። የአንድ ሰው መዝገብ በዚህ ምክንያት ለሁለት ሊከፈል፣ ወይም በስም ከሚመስለው ሰው ጋር ሊቀላቀል ይችላል። መፍትሔው በሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ላይ ያለውን አጻጻፍ በባንክም፣ በኪራይ ውልም፣ በሥራ ቦታም ሳይለውጡ መጠቀም ነው። ስሕተት ሲገኝ በጽሑፍ ይከራከሩ፤ ድርጅቱ በአብዛኛው በሠላሳ ቀን ውስጥ መርምሮ መልስ መስጠት አለበት። ክሬዲትህን አስተካክላለሁ ብሎ ሥራውን ሳይሠራ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ግን በ1996 የወጣውን የፌዴራል ሕግ እየጣሰ ነው። የኢክዊፋክስ መዝገብ በ2017 ተሰብሮ የ147 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መረጃ ከወጣ በኋላ፣ ከ2018 ጀምሮ ማንም ሰው መዝገቡን ያለ ክፍያ ማስቆለፍ ይችላል። ብድር በማይፈልጉበት ጊዜ በሦስቱም ድርጅቶች ያለውን መዝገብ ማስቆለፍ፣ ካርድ ወይም መኪና ሲጠይቁ ደግሞ ለጥቂት ቀን ማስከፈት በስልክ ወይም በድረ ገጻቸው ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው።