መረብ ኳስ የሚከፍለው የኮሌጅ ክፍያ

የግዳን ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሙጃም ሆነ በሌላው የሰሜን ወሎ ደጋ፣ ቮሊቦል ለመጫወት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ በመካከላቸው መረብ ወይም የተወጠረ ገመድ፣ አንድ ኳስ። እንዲህ ባለ ሜዳ የምትጫወት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «በቮሊቦል አሜሪካ ኮሌጅ መማር ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?» ብላ ብትጠይቅ መልሱ «አዎ» ነው። መንገዱን ግን ማወቅ አለባት። ይህን የጻፍኩት ለእሷ፣ ለወላጆቿና ለስፖርት መምህሯ ነው።

ነገሩ እንግዳ የሚሆንብን የኛ አሠራር ሌላ ስለሆነ ነው። እኛ ዘንድ አብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፎ በትምህርት ሚኒስቴር ይመደባል፤ ወልድያ ይድረሰው ጅማ፣ ወጪ መጋራት ፈርሞ ይማራል። ኳስ መቻሉ ምደባውን አይለውጠውም። አሜሪካ ውስጥ ግን ተማሪውን የሚመርጠው ኮሌጁ ራሱ ነው፤ የቡድኑ አሰልጣኝም ከኮሌጁ በተሰጠው በጀት ለሚፈልጋቸው ተጫዋቾች ክፍያቸውን ያሸፍናል። ሙሉ ስኮላርሺፕ ከተባለ የትምህርት ክፍያው፣ ማደሪያው፣ ምግቡና መጽሐፉ ተችሏል ማለት ነው። ከፊሉን ብቻ የሚችልም አለ።

ለሴት ቮሊቦል ተጫዋች ይህን ያህል ቦታ የተገኘው በሕግ ነው፤ በቸርነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው «ታይትል ናይን» የተባለው ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሴቶችንና ወንዶችን እንዳያበላልጥ አስገደደ። የአሜሪካን ፉትቦል ብቻውን በትልልቆቹ ኮሌጆች እስከ 85 ስኮላርሺፕ ይወስድ ስለነበር ለሴቶች የሚመጣጠን ነገር መፈለግ ግድ ሆነ። ቮሊቦል ለዚህ ተመቸ፤ በአዳራሽ ይጫወቱታል፣ ዕቃው ብዙ አያስወጣም፣ ተመልካችም አለው። በዚህም የተነሣ በኤንሲኤኤ፣ ማለትም በትልቁ የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር አንደኛ ምድብ፣ አንድ የሴቶች ቡድን 12 ሙሉ ስኮላርሺፕ ሲፈቀድለት የወንዶቹ ቡድን የተፈቀደለት 4.5 ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ይህ ጣሪያ ስምምነቱ ውስጥ ለገቡ ኮሌጆች ተነሥቷል፤ እነሱ እስከ 18 ተጫዋች ይይዛሉ፣ አቅም ካላቸው ለሁሉም መክፈል ይችላሉ። ሦስተኛው ምድብ በስፖርት ስም ምንም አይከፍልም። ሁለተኛው ምድብ፣ ኤንኤአይኤ የተባለው የትንንሽ ኮሌጆች ማኅበርና የሁለት ዓመት ኮሌጆች ግን ይከፍላሉ፤ ከሩቅ አገር ለምትመጣ ልጅ የተሻለ በር የሚሆኑትም ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው። ተመልካቹን ካነሣሁ አይቀር፣ ነሐሴ 24 ቀን 2015 ዓ.ም. በኔብራስካ አንድ የሴቶች የኮሌጅ ቮሊቦል ጨዋታ ለማየት ስታዲየም የገባው ሕዝብ 92,003 ነበር።

«እኔ አጭር ነኝ» የምትል ልጅ ታጋጥማለች። የሴቶች መረብ ከፍታ 2.24 ሜትር ስለሆነ ለአጥቂዎችና ለመሐል አጋጆች ቁመት ወሳኝ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሊቤሮ የምትባል ተጫዋች ፈቀደ፤ በ2002 ደግሞ የአሜሪካ ኮሌጆች ተቀበሏት። ሊቤሮ ከጓደኞቿ የተለየ ቀለም ያለው ማሊያ ለብሳ በኋላው መስመር ትጫወታለች። መረብ ላይ ማገድም ሆነ ከመረቡ በላይ ያለ ኳስ መምታት አይፈቀድላትም። ሥራዋ የተመታ ኳስ መሬት እንዳይነካ ማድረግ ነው።

ይህ ሥራ ቀረብ ብለው ሲያዩት እንዲህ ነው። ኳሱ ከባላጋራ እጅ ከመውጣቱ በፊት እግሯን ከፍታ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ክብደቷን ወደ ፊት ጥላ ትጠብቃለች። የመቺዋን ትከሻ አይታ አቅጣጫውን ትገምትና ኳሱ ሳይደርስባት ቦታዋን ትይዛለች። ክንዶቿን ገጥማ ዘርግታ ትቀበለዋለች፤ አትመታውም። አሜሪካኖቹ ይህን አቀባበል ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጡታል፤ ኳስ የምታመቻቸዋ ተጫዋች ሳትሮጥ፣ ለማንኛዋም አጥቂ ለማቀበል ምርጫ ኖሯት ካገኘችው 3 ነው፤ በቀጥታ ለባላጋራ ነጥብ ካስቆጠረ 0። ይህን ችሎታ በሙጃው ሜዳ ላይ ግድግዳና ኳስ ይዞ፣ በየቀኑ መገንባት ይቻላል። ለእኔ ከሁሉ የሚያጓጓኝ ይህ ቦታ ነው።

ችሎታ ግን ካልታየ የለም። ኬንያን ብናይ ሴቶቿ በሲድኒ፣ በአቴንስ፣ በቶኪዮና በፓሪስ ኦሊምፒክ ስለተጫወቱ የውጭ አሰልጣኝ አገሪቱን በቮሊቦል ያውቃታል። ኢትዮጵያ ስትባል የሚታወሰው ሩጫ ነው፤ ስለዚህ የኛ ልጅ ራሷ መጻፍ አለባት። የሚላከው ቪዲዮ በስልክ ቢቀረጽ ይበቃል። ቀራጩ ከሜዳው ጫፍ ኋላ፣ ወንበር ወይም ግንብ ላይ ቆሞ ሜዳውን በሙሉ ያስገባ። ጥሩ ጥሩው ተለቅሞ ከተላከ በኋላ አንድ ሙሉ የጨዋታ ዙር ሳይቆረጥ ይከተል፤ አሰልጣኙ ነጥብ ካጣች በኋላ ፊቷ ምን እንደሚመስል፣ ለጓደኞቿ ምን እንደምትል ማየት ይፈልጋልና። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ቁመት፣ ቦታ፣ የትምህርት ውጤት፣ የምትጨርስበት ዓመት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ካርዷ ይቀድማል፤ ብዙ ልጆች የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው ብዬ እፈራለሁ። ኤንሲኤኤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የተማረችውን 16 ዋና ዋና ትምህርት ይቆጥራል፤ አንደኛ ምድብ ለመግባት በአሜሪካኑ የ4 ነጥብ ስሌት ቢያንስ 2.3 ያስፈልጋል። ኮሌጁ የእንግሊዝኛ ፈተናም ይጠይቃል። ቮሊቦል ከጥናት ማምለጫ አይሆንም፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ በሆነበት አገር ይህን ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዚያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ክረምት ሰሜን ወሎ ከገባ ወዲህ ስንት ትምህርት ቤት ተጎድቷል። ስለዚህ በየዓመቱ ካርዱን ማኅተም አስመትቶ ኮፒውን ቤት ማስቀመጥ፣ ፎቶውንም በስልክና በኢሜይል መያዝ እንደ ልምምድ ሁሉ የዝግጅቱ አካል ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። ጎበዝ ልጅ ስትታይ ክለብ ይጠራታል፤ ደመወዝ ማግኘቷ ደስ ይላል፣ ለቤተሰቧም ይተርፋል። ነገር ግን ከወጪዋ ያለፈ ክፍያ ተቀብላ መጫወቷ፣ ወይም 12ኛን ጨርሳ ለዓመታት በውድድር መቆየቷ፣ በኋላ የኮሌጅ የመጫወቻ መብቷን ሊቀንስባት ይችላል። ፊርማዋን ከማኖሯ በፊት ይህን አውቃ ትወስን። ሌላው ደላላ ነው። ስኮላርሺፕ የሚሰጠው አሰልጣኙና ኮሌጁ ነው፤ «ገንዘብ ስጡኝና ላስገባት» የሚል ሰው የሚሸጠው ነገር የለውም። በእርግጥ የሚከፈሉ ወጪዎች አሉ፤ ኮሌጁ አይ-20 የሚባለውን ወረቀት ከላከ በኋላ 350 ዶላር የተማሪ ምዝገባ፣ 185 ዶላር የቪዛ ማመልከቻ፣ ከዚያ የአውሮፕላን ትኬት። ሙሉ ስኮላርሺፕም ብዙውን ጊዜ እነዚህን አይሸፍንምና ቤተሰቡ ቀደም ብሎ ይዘጋጅ።

ከደረሰች በኋላ ውድድሩ ከነሐሴ ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ ነው። በውድድር ወራት ለስፖርቱ የሚፈቀደው ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት ሲሆን የቀረው የክፍልና የጥናት ነው። ብዙ ስኮላርሺፕ የሚታደሰው በየዓመቱ ስለሆነ ከመፈረሟ በፊት አሰልጣኙን በጽሑፍ የምትጠይቀው አለ። ጉልበቴ ቢጎዳ ክፍያው ይቀጥላል ወይ? ሕክምናውን ማን ይችላል? እርስዎ ከኮሌጁ ቢለቁስ? መልሱን ከአባት ከእናቷና ከስፖርት መምህሯ ጋር ቁጭ ብላ ታንብበው።