ስልክዎ ፕሪንተሩን ካላገኘ መጀመሪያ ዋይፋዩን ይፈትሹ

ስልክ «ፕሪንተር አልተገኘም» ሲል ብዙ ሰው ፕሪንተሩ ተበላሸ ብሎ ወደ ጥገና ይወስደዋል። ፍተሻው መጀመር ያለበት ግን ከኔትወርኩ ነው። የአይፎኑ ኤርፕሪንትም ሆነ የአንድሮይዱ የህትመት አገልግሎት ፕሪንተር የሚፈልጉት በተገናኙበት ኔትወርክ ውስጥ ጥሪ በማሰማት ነው፤ ጥሪው ደግሞ በተለምዶ ወደ ሌላ ኔትወርክ አይሻገርም። ስለዚህ ስልኩ በሞባይል ዳታ ወይም ለእንግዳ በተለየ ዋይፋይ ላይ ከሆነ፣ ወይም ቪፒኤን ከተከፈተ፣ ጤነኛ ፕሪንተር እንኳ ላይታይ ይችላል።

«ላፕቶፑ እኮ ያትማል፤ ታዲያ ኔትወርኩ ምን ሆነ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ላፕቶፑ በዩኤስቢ ገመድ ተያይዞ ወይም የፕሪንተሩን አይፒ አድራሻ ቀድሞ መዝግቦ ሊሆን ስለሚችል፣ እሱ ማተሙ የስልኩን መስመር ጤንነት አያረጋግጥም። «ሁለቱም ዋይፋይ ላይ ናቸው» ማለትም አይበቃም፤ የትኛው ዋይፋይ ላይ? የራውተሩ ስም ወይም የይለፍ ቃል ከተቀየረ ፕሪንተሩ የድሮውን ይዞ ይቀራል። ከፕሪንተሩ የኔትወርክ መረጃ ገጽ አትመው የዋይፋዩን ስም ከስልክዎ ጋር ያመሳክሩ። ስሙ አንድ ሆኖም ካልታየ ራውተሩንና ፕሪንተሩን አጥፍተው ያብሩ፤ አንድሮይድ ላይ ደግሞ ፕሪንተሩን በአይፒ አድራሻው ማስገባት ይቻላል። ለጥገና ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት እባክዎ ይህን ይሞክሩ።